የአየርን ጠባይ በቍጥር ያሰላው ሊቅ፤ ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን

ገበሬ ማለዳ ተነሥቶ ከደጁ ላይ ይቆምና ሰማዩን ይመለከታል። ደመናው ከየት እንደሚመጣ፥ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይቶ፥ ዛሬ ይዘንባል ወይም አይዘንብም ሲል ይፈርዳል። የሰው ልጅ ለብዙ ሺሕ ዓመታት የአየርን ጠባይ ያወቀው በዚሁ ዓይነት፥ በዓይን ልምድና ከአባቶች በተወረሰ ብልሃት ነበር። በሃያኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ግን አንድ እንግሊዛዊ ተነሥቶ፥ የነገው አየር እንደ ገበያ ሒሳብ በመደመርና በመቀነስ፥ በማባዛትና በማካፈል ሊታወቅ ይችላል አለ። ይህንም በአፉ ተናግሮ ብቻ አልቀረም። የጦር መድፍ በሚጮኽበት አገር፥ በቀዝቃዛ ቤት ውስጥ፥ በድርቆሽ ክምር ላይ ተቀምጦ ሒሳቡን በእጁ ሠራው። ውጤቱም ፈጽሞ የተሳሳተ ሆነ።

ይህ ሰው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን ይባላል። ዛሬ በየአገሩ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የሚነገረው የአየር ጠባይ ትንበያ ሁሉ የተመሠረተው እርሱ በቀየሰው መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ብቻ የሞከረው ስሌት ከእውነት የራቀ ሆኖ ሳለ እንዴት የዚህ ታላቅ ጥበብ አባት ሊባል ቻለ? አንባቢ ይህን ጥያቄ በልቡ ይዞ የሊቁን የሕይወት ታሪክ ይከተል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ትውልዱና ትምህርቱ

ሪቻርድሰን በ1881 ዓ.ም. ጥቅምት 11 ቀን በሰሜን እንግሊዝ በኒውካስል ከተማ ተወለደ። አባቱ ዴቪድ ሪቻርድሰን ቆዳ እያለፋ የሚነግድ ሰው ነበር። እናቱ ካተሪን ፍራይ ትባላለች። ከሰባት ልጆችም የመጨረሻው እርሱ ነበር። ቤተ ሰቡ ኩዌከር ከሚባሉት ክርስቲያኖች ወገን ነው። እነዚህ ሰዎች በማናቸውም ምክንያት የጦር መሣሪያ አንሥቶ ሰው መግደልን እንደ ኀጢአት የሚቈጥሩ ናቸው። ይህ በልጅነቱ የጠጣው ትምህርት በኋላ ዘመን ሥራውንም፥ እንጀራውንም፥ ዕረፍቱንም የሚወስን ሆነ።

በዮርክ ከተማ በሚገኘው ቡትሃም በሚባለው የኩዌከሮች ትምህርት ቤት ከተማረ በኋላ፥ በኒውካስል ኮሌጅ ሁለት ዓመት ቈይቶ፥ በ1900 ወደ ካምብሪጅ ሄደና ኪንግስ ኮሌጅ ገባ። በዚያም ኤሌክትሮንን ካገኘው ከጄ. ጄ. ቶምሰን ዘንድ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማረ። በ1903 በአንደኛ ደረጃ ተመረቀ። ከዚያ ወዲያ ግን አንድ ስፍራ የረጋ ሰው አልነበረም። ከመንግሥት የፊዚክስ ላቦራቶሪ ወደ ኮሌጅ፥ ከኮሌጅ ወደ ፋብሪካ፥ ከፋብሪካ ተመልሶ ወደ ላቦራቶሪ ሲዘዋወር ዐሥር ዓመት አለፈ። የዘመኑ ሰዎች ይህን አይተው መንገዱን ያጣ ወጣት ነው ሳይሉት አልቀሩ ይሆናል። ነገር ግን ከእነዚያ መዘዋወሮች አንዱ የዕድሜ ልክ ሥራውን አስያዘው።

ከረግረግ አፈር የተገኘ ጥበብ

ይኸውም እንዲህ ነው። በ1906 ሪቻርድሰን ፒት የሚባለውን አፈር እያወጣ በሚሸጥ አንድ ኩባንያ ውስጥ ኬሚስት ሆኖ ተቀጠረ። ፒት ማለት በረግረግ ስፍራ ሣርና ቅጠል በስብሶና ተጠቅጥቆ የሚገኝ፥ ሲደርቅ እንደ እንጨት የሚነድ ነገር ነው። ውኃ የጠገበ ስለሆነ ለመቍረጥ አስቀድሞ ውኃው መንጠፍጠፍ አለበት። እንግዲህ የውኃ መውረጃው ቦይ የት የት ይቈፈር? ምን ያህልስ ይራራቅ? ውኃ በዚህ አፈር ውስጥ የሚሄድበት ሥርዐት በሒሳብ ቀመር የታወቀ ነው። ነገር ግን የቦዩና የመሬቱ ቅርጽ ወጣ ገባ ስለሆነ፥ ቀመሩን በተለመደው የሊቃውንት ዘዴ ፈቶ መልሱን ማግኘት የማይቻል ነበር።

ሪቻርድሰን ፍጹም የሆነውን መልስ ለማግኘት ከመድከም ይልቅ፥ ለሥራ የሚበቃ ግምታዊ መልስ በቀላል ሒሳብ ማግኘት ይሻላል ሲል ዐሰበ። ዘዴው ለማንም የተማረ ሰው የሚገባ ነው። አንባቢ አንድ ቀጭን የብረት ገበታ ያስብ። አንዱ ዳር በእሳት የጋለ፥ ሌላው ዳር በውኃ የቀዘቀዘ ነው። በመካከሉ ያለው እያንዳንዱ ስፍራ ሙቀቱ ስንት ይሆናል? ገበታውን እንደ ዳማ ሰሌዳ በትንንሽ ካሬዎች ይከፋፍሉታል። ሙቀቱ ከረጋ በኋላ የአንዱ ካሬ ሙቀት የአራቱ ጐረቤቶቹ ሙቀት አማካይ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ በየካሬው የግምት ቍጥር ይጽፉና፥ እያንዳንዱን በአራቱ ጐረቤቶቹ አማካይ እየለወጡ ደጋግመው ይዞራሉ። በየዙሩ ስሕተቱ እየቀለለ ይሄዳል። በመጨረሻም ቍጥሮቹ መለዋወጥ ያቆማሉ፤ መልሱም ተገኘ ማለት ነው። ካሬዎቹ ባነሱ መጠን መልሱ ወደ እውነት ይቀርባል።

በዚህ መንገድ በ1910 ስለ አንድ የድንጋይ ግድብ ታላቅ ጥናት አዘጋጅቶ፥ የውኃው ክብደት በግድቡ አካል ውስጥ የሚያሳድረውን ጫና አሰላ። የቍጥሩን ሥራ የሚሠሩለት ወጣት ልጆችን ቀጥሮ ነበር። ክፍያውም በቍርጥ ሥራ ነው፤ ሦስት አኃዝ ላለው ቍጥር በእያንዳንዱ ነጥብ የአንድ ፔኒ ስድስተኛ ገደማ ይሰጣቸዋል። ከሁሉ ፈጣን የሆነው ልጅ በሳምንት 2,000 ያህል ስሌት ይሠራ ነበር። የተሳሳተው ግን አይቈጠርለትም። ልጆቹን ያስቸገራቸው ትልቁ ነገር የመደመርና የመቀነስ ምልክት መደባለቁ እንደ ነበር ሪቻርድሰን ራሱ ጽፏል።

ጥናቱ በ1911 በእንግሊዝ ንጉሣዊ የሳይንስ ማኅበር መጽሔት ታተመ። ሪቻርድሰን ይህንኑ ይዞ በቀድሞ ኮሌጁ የሊቅነት ስፍራ እንዲሰጠው ቢያመለክት ግን ሳይቀበሉት ቀሩ። የዘመኑ የሒሳብ መምህራን ግምታዊ መልስን እንደ ዝቅተኛ ሥራ ይቈጥሩት ነበርና። ዛሬ ድልድይ፥ አውሮፕላንና የውኃ ግድብ የሚሠሩ መሐንዲሶች ሁሉ ካሬ ከፋፍሎ በማስላት ዘዴ የሚጠቀሙ መሆናቸውን ስናስብ፥ አንድ ሥራ በወቅቱ ስለ ተናቀ ዋጋ የለውም ማለት እንዳልሆነ እንረዳለን።

በ1909 ሪቻርድሰን ዶሮቲ ጋርኔትን አገባ። የዶሮቲ አባት ዊልያም ጋርኔት በወጣትነቱ በካምብሪጅ የታላቁ ሊቅ የጄምስ ክላርክ ማክስዌል ረዳት የነበረና ከጓደኛው ጋር ሆኖ የማክስዌልን የሕይወት ታሪክ የጻፈ ሰው ነው። ወደ ፊት እንደምናየው የማክስዌል ስም በዚህ ታሪክ ውስጥ እንደገና ይመጣል። ባልና ሚስቱ ልጅ ስላልወለዱ ሁለት ወንዶችና አንዲት ሴት ልጅ በማደጎ አሳደጉ።

በ1912 ሚያዝያ ወር ታይታኒክ የተባለችው ታላቅ መርከብ ከበረዶ ተራራ ጋር ተጋጭታ ስትሰጥም፥ ሪቻርድሰን በጨለማና በጭጋግ ውስጥ የበረዶ ተራራን በገደል ማሚቶ ለማወቅ ይቻላል ሲል ዐሰበ። በታንኳ ባሕር ላይ ወጥቶ፥ ሚስቱ እየቀዘፈች፥ እርሱ ፉጨት እየነፋና ጃንጥላ ዘርግቶ የሚመለሰውን ድምፅ እየሰበሰበ ሞከረው። በዚያው ዓመት በአየርም በውኃ ውስጥም በድምፅ ማሚቶ ስለ መፈለግ የፈጠራ መብት አስመዘገበ። ሐሳቡ ትክክል ነበር። በመርከቦች ላይ ሥራ ላይ የዋለው ግን በሌሎች እጅ ነው።

በድርቆሽ ክምር ላይ የተሠራ ሒሳብ

በ1913 ሪቻርድሰን በእንግሊዝ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ፥ በደቡብ ስኮትላንድ ኤስክዴልሚዩር በሚባል ብቸኛና ዝናባማ ስፍራ የሚገኘውን ጣቢያ እንዲያስተዳድር ተሾመ። በዚያ ጸጥታ ውስጥ ሆኖ ለግድቡ የሠራውን ዘዴ ለአየር ሊያውለው ተነሣ። አየር እንደ ውኃ ፈሳሽ ነገር ነው፤ የሚገዛበትም ሕግ የታወቀ ነው። የኖርዌዩ ሊቅ ቪልሄልም ብየርክኔስ፥ የዛሬው አየር በትክክል ከታወቀ የነገው በእነዚህ ሕጎች ሊሰላ እንደሚገባ በ1904 አስረድቶ ነበር። ነገር ግን ቀመሮቹን የሚፈታ አልተገኘም። ሪቻርድሰን ምድርን በየ200 ኪሎ ሜትሩ በካሬ፥ ከፍታውን ደግሞ በአምስት ደርብ ከፋፍሎ፥ በየካሬው ግፊትን፥ ነፋስን፥ ሙቀትንና እርጥበትን በቍጥር መዝግቦ፥ ከሦስት ሰዓት በኋላ ምን እንደሚሆን ደረጃ በደረጃ ለማስላት ሥርዐት አወጣ።

በዚህ መካከል የአንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። ሪቻርድሰን በእምነቱ ምክንያት ጠመንጃ አይዝም። ነገር ግን ወጣቶች በሚያልቁበት ጊዜ እርሱ በጸጥታ ስፍራ ተቀምጦ ደመወዝ መብላቱ ኅሊናውን አላሳረፈውም። የኩዌከሮች አምቡላንስ ጓድ ገብቶ ቍስለኛ ለማንሣት ፈቃድ ጠየቀ፤ አልተሰጠውም። በ1916 ሥራውን ለቀቀና ወደ ፈረንሳይ ሄደ። ከዚያም እስከ 1919 ድረስ ከፈረንሳይ 16ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር እየተዘዋወረ፥ መድፍ በሚወድቅበት መንገድ መብራት አጥፍቶ መኪና እየነዳ ቍስለኞችን አመላለሰ።

ዕረፍት ባገኘ ጊዜ ጓደኞቹ ሲተኙ እርሱ ወረቀቱን ይዘረጋል። ጽሕፈት ቤቱ በቀዝቃዛ ማረፊያ ውስጥ ያለ የድርቆሽ ክምር ነበር። መሣሪያው የሎጋሪዝም ሰንጠረዥና ተንሸራታች ማስመሪያ ናቸው። ለሙከራ የመረጠው ዕለት 1910 ግንቦት 20 ነው። በዚያ ቀን በብዙ የአውሮፓ ከተሞች የአየር መመልከቻ ፊኛዎች ወደ ሰማይ ተለቅቀው ስለ ነበር፥ ከፍ ያለው አየር ሁናቴ ከሌላው ቀን ይልቅ ተሟልቶ ተመዝግቧል። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ያለውን መነሻ አድርጎ፥ በመካከለኛው አውሮፓ በስድስት ሰዓት ውስጥ የሚሆነውን ለውጥ ማስላት ጀመረ። ለስድስት ሰዓት አየር ስድስት ሳምንት ያህል ፈጀበት።

በ1917 ሚያዝያ በሻምፓኝ ጦርነት ጊዜ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ወደ ኋላ ተላከ፤ በዚያውም ጠፋ። ከብዙ ወራት በኋላ በቤልጅግ አገር ከድንጋይ ከሰል ክምር ሥር ተገኘ። ያ ክምር ቀደም ብሎ ምድጃ ገብቶ ቢሆን ኖሮ፥ የዚህ ሰው ድካም ሁሉ አመድ ሆኖ በቀረ ነበር።

ስሕተቱና ምክንያቱ

ሒሳቡ ሲያልቅ የአየሩ ግፊት በስድስት ሰዓት ውስጥ 145 ሚሊባር ከፍ እንደሚል አሳየ። በእውነቱ ግን በዚያ ጠዋት የግፊት መለኪያው ከነበረበት እምብዛም አልተነቃነቀም። እንዲህ ያለ ለውጥ በምድር ላይ ታይቶ አያውቅም። በሌላ ሰው እጅ ቢሆን ወረቀቱ ተቀድዶ ይጣል ነበር፤ ወይም ደግሞ የማይመቸው ቍጥር በብልሃት ተድበስብሶ ይታለፍ ነበር። ሪቻርድሰን አንዱንም አላደረገም። በ1922 በካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት ባሳተመው መጽሐፉ ውስጥ፥ ሠንጠረዡን ከነስሕተቱ፥ እያንዳንዱን ቍጥር ሌላ ሰው ሊመረምረው በሚችልበት ሁናቴ ዘርዝሮ አወጣው። ጥፋቱም የመጣው በመነሻው ላይ ከገባው የነፋስ ልኬት እንደ ሆነ ገለጸ።

በዚህም አልተሳሳተም። አየር ሁልጊዜ በሚዛን ላይ ያለ ነገር ነው። ግፊት በአንድ ወገን ይገፋዋል፤ የምድር መዞር በሌላው ወገን ይመልሰዋል። በልኬቱ ውስጥ ትንሽ ስሕተት ሲገባ ሚዛኑ ይፈርሳል፤ ያን ጊዜ በእውነተኛው አየር ውስጥ የሌለ ፈጣን ማዕበል በወረቀቱ ላይ ይነሣል። ነገሩን በምሳሌ ብንገልጸው፥ በኩሬ ውስጥ ድንጋይ ጥለን፥ ውኃው ብቅ ባለበት በዚያች ቅጽበት ፍጥነቱን ለክተን፥ በዚሁ ፍጥነት ስድስት ሰዓት ሙሉ ይወጣል ብለን ብናባዛ፥ ኩሬው ተራራ ያህላል ማለት ነው። ማዕበሉ ግን ወዲያው ተመልሶ ይወርዳል። የአየርላንዱ ሊቅ ፒተር ሊንች በኋላ ዘመን የሪቻርድሰንን ሒሳብ በኮምፒውተር ደግሞ ሠርቶ፥ መነሻ ቍጥሮቹ ብቻ ቢስተካከሉ ለውጡ ከአንድ ሚሊባር በታች እንደሚሆን አሳይቷል። እንግዲህ ዘዴው ትክክል፥ መነሻው ግን ያልታረመ ነበር። ይህም ሊታወቅ የቻለው ሪቻርድሰን ስሕተቱን ሳይደብቅ በማተሙ ነው።

የ64,000 ሰዎች አዳራሽ

በዚሁ መጽሐፍ ውስጥ ሪቻርድሰን አንድ ሕልም ጽፏል። እንደ ቲያትር ቤት የክብ ቅርጽ ያለው እጅግ ትልቅ አዳራሽ ያስባል። በግድግዳው ላይ የዓለም ካርታ ተሥሏል፤ ጣራው የሰሜን ዋልታ፥ ወለሉ የደቡብ ዋልታ ነው። በየደርቡ ብዙ የሒሳብ ሠራተኞች ተቀምጠው፥ እያንዳንዱ የራሱን አገር አየር ብቻ ያሰላል፤ ያገኘውንም ለጐረቤቱ ያሳያል። በመካከል በረዥም ዓምድ ላይ የቆመ አለቃ፥ ቀድሞ በሮጠው ክፍል ላይ ቀይማ ብርሃን፥ ወደ ኋላ በቀረው ላይ ሰማያዊ ብርሃን እያበራ ሥራውን ያስተካክላል። ሒሳቡ ከአየሩ ጋር እኩል እንዲራመድ 64,000 ሰዎች ያስፈልጋሉ ሲል ገመተ። ከአዳራሹም ውጭ የመጫወቻ ሜዳ፥ ተራራና ሐይቅ ይኑር፤ አየርን የሚያሰሉ ሰዎች ንጹሕ አየር ሊተነፍሱ ይገባልና ብሎ ጨመረበት።

መጽሐፉ 750 ቅጂ ብቻ ታተመ። ብዙ ሰው አደነቀው፤ የተከተለው ግን አልነበረም። በጀርመን አገር ሦስት የሒሳብ ሊቃውንት፥ ኩራንት፥ ፍሪድሪክስና ሌቪ፥ በ1928 ሌላ ምሥጢር ገለጹ። ይኸውም የካሬው ስፋትና የጊዜው እርምጃ ካልተመጣጠኑ ስሌቱ በራሱ እየተጋነነ ሄዶ እንደሚፈርስ ነው። ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው እንደ 64,000 ሰዎች የሚሠራ መኪና ብቻ ነበር።

ኅሊናና ደመወዝ

ከጦርነቱ በኋላ ሪቻርድሰን ወደ አየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ተመልሶ በኦክስፎርድ አጠገብ በቤንሰን ይሠራ ጀመር። ነገር ግን መሥሪያ ቤቱ ለጦር አውሮፕላኖች ኀላፊ ከሆነው ከአየር ሚኒስቴር ሥር እንዲሆን ተወሰነ። ሪቻርድሰን ይህን ሲያይ በ1920 ሥራውን በፈቃዱ ለቀቀ። ዕድሜውን የሰጠለት ጥናት፥ መሣሪያውና ጓደኞቹ ሁሉ በዚያ ነበሩ። ከዚያ ወጥቶ በለንደን በዌስትሚንስተር የመምህራን ማሠልጠኛ የፊዚክስ መምህር ሆነ።

በዚያም ሆኖ ምርምሩን አልተወም። ነፋስ መቼ እንደሚናወጥና መቼ ጸጥ እንደሚል የሚለይበት ቍጥር በ1920 አወጣ፤ ቍጥሩ እስከ ዛሬ በስሙ ይጠራል። ጢስ በአየር ውስጥ እንዴት እንደሚበተን የሚገልጽ ሕግም በ1926 አሳተመ። በዚያው ዓመት የንጉሣዊው የሳይንስ ማኅበር አባል ሆኖ ተመረጠ። ነገር ግን የጢስ መበተን ጥናት የመርዝ ጋዝን ለሚያዘጋጁ ሰዎችም የሚጠቅም ሆኖ ተገኘ። ሚስቱ በኋላ እንደ ተረከችው፥ ሪቻርድሰን ይህን ባወቀ ጊዜ ገና ያልታተመውን ጥናቱን አጠፋ፤ የአየር ምርምርንም ተወ። ለአንድ የሳይንስ ሰው የገዛ ሥራውን ከማጥፋት የበለጠ መሥዋዕት ያለ አይመስለንም።

የጦርነት ሒሳብ

ከዚህ በኋላ አሳቡን ወደ ሰው ልጅ ጠብ መለሰ። አየርን የሚያናውጠው ነገር በቍጥር ከታወቀ፥ መንግሥታትን የሚያናውጠውስ ስለ ምን አይታወቅም ሲል ጠየቀ። ለዚህ ይረዳው ዘንድ በትልቅ ሰውነቱ ከወጣቶች ጋር ተቀምጦ ሥነ ልቡና ተማረና በ1929 ተመረቀ። በዚያው ዓመት በስኮትላንድ የፔይዝሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ርእሰ መምህር ሆኖ ተሾመ። ቀን እያስተማረና እያስተዳደረ፥ ማታና በበዓል ቀን ስለ ጦርነት ይጽፍ ነበር።

ሁለት መንግሥታት በጦር መሣሪያ ሲፎካከሩ የአንዱ ፍርሃት የሌላውን ፍርሃት እንዴት እንደሚያሳድግ በሁለት ቀመሮች ገለጸ። የጐረቤት መሣሪያ ሲበዛ የራስ ይበዛል፤ ወጪው ሲከብድ ይቀንሳል፤ የቈየ ቂም ካለ ደግሞ ይጨምራል። ከ1820 ጀምሮ ከመቶ ዓመት በላይ በዓለም ላይ የተደረጉትን ጦርነቶች ሰብስቦ፥ በሟቾቹ ብዛት መጠን በደረጃ መደባቸው። በ1940 ለዚህ ሥራ ሲል ጡረታው አነስተኛ እንደሚሆን እያወቀ ርእሰ መምህርነቱን ለቀቀ። እነዚህ ጥናቶች አሳታሚ ስላላገኙ በሕይወቱ ሳለ በማይክሮፊልም ብቻ ወጡ፤ በመጽሐፍ የታተሙት እርሱ ካረፈ በኋላ በ1960 ነው።

ከዚሁ ጥናት ሳይታሰብ ሌላ እውቀት ተገኘ። የድንበር ርዝመት በጦርነት ላይ ያለውን ድርሻ ሲመረምር፥ ስፔንና ፖርቱጋል ስለ አንዱ የጋራ ድንበራቸው የተለያየ ቍጥር እንደሚሰጡ ተመለከተ፤ አንደኛው 987 ኪሎ ሜትር፥ ሁለተኛው 1,214 ኪሎ ሜትር። ምክንያቱ ማጭበርበር አይደለም። አጭር ዘንግ ይዞ የሚለካ ሰው ጠምዛዛውን ሁሉ ስለሚከተል ረዥም ቍጥር ያገኛል። ይህን ሐሳብ ማንደልብሮት የተባለው ሊቅ በ1967 አንሥቶ አዲስ የሒሳብ ዘርፍ ለማቋቋም ተጠቅሞበታል።

ከሊጥና ከተልባ ዘንድ

ሪቻርድሰን ያሰላቸው ውኃና አየር፥ በገፏቸው መጠን የሚፈሱ፥ ያለፈውን የማያስታውሱ ፈሳሾች ናቸው። ኒውተን በ1687 ሕጋቸውን የገለጸላቸው እነዚህ ናቸው። ነገር ግን በየቤታችን ሌላ ዓይነት ፈሳሽ አለ። የተልባ ውኃ በማንኪያ ሲያነሡት እንደ ክር ይሳባል። ሊጥ በድንገት ሲጐትቱት እንደ ጎማ ይመለሳል፤ ጊዜ ሲሰጡት ግን ይተኛል። የእንቍላል ነጩ በዘንግ ሲመቱት ከዘንጉ ሸሽቶ በመራቅ ፈንታ በዘንጉ ላይ ይወጣል። እንዲህ ያለ ነገር ከፊሉ ጠጣር፥ ከፊሉ ፈሳሽ ነው። የዶሮቲ አባት ያገለገለው ማክስዌል በ1867 ይህን ጠባይ በቀመር ገልጾት ነበር። በሃይፋ ያስተምር የነበረው ማርከስ ራይነር ደግሞ በ1964፥ በመጽሐፈ መሳፍንት ምዕራፍ 5 ዲቦራ ስለ ተራሮች መቅለጥ የዘመረችውን አስታውሶ፥ የዚህን ጠባይ መለኪያ ቍጥር በነቢይቱ ስም ሰየመው። በቂ ጊዜ ከተሰጠው ተራራም ይፈሳል ለማለት ነው።

ዛሬ ፕላስቲክ የሚያቀልጡ፥ ቀለም የሚበጠብጡ፥ የደምን ጕዞ የሚመረምሩ ሰዎች ይህን ሁሉ የሚያሰሉት፥ ሪቻርድሰን በፈር ቀዳጅነት ባስተማረው ዓይነት፥ ስፍራውን በትንንሽ ክፍል ከፋፍለው ነው። በእነርሱም ላይ የእርሱ ዓይነት ፈተና ደርሷል። በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ፥ ፈሳሹ የመሳብ ጠባዩ በረታ ባለ ቍጥር ስሌቱ በኮምፒውተር ውስጥ ይፈርስ ነበር። ብዙዎች ጥፋቱ በማክስዌል ቀመር ነው ወይስ በአቈጣጠሩ እያሉ ተከራከሩ። በ2004 በኢየሩሳሌም የሚኖሩት ፋታልና ኩፕፈርማን፥ በፈሳሹ ውስጥ ያለው ጫና እጅግ በፍጥነት እየተባዛ ስለሚያድግ ካሬዎቹ ሊከተሉት እንዳልቻሉ ተረድተው፥ በጫናው ፈንታ ሎጋሪዝሙን ቢያሰሉ ስሌቱ እንደሚጸና አሳዩ። እዚህም ጥፋቱ የተፈጥሮ ሳይሆን የአቈጣጠሩ ሆኖ ተገኘ።

ፍጻሜው

በ1948 ሪቻርድሰን ከአሜሪካዊው የባሕር ሊቅ ከሄንሪ ስቶመል ጋር በስኮትላንድ ባሕር ዳር ቆሞ፥ እንደ ካሮት ያለ ነጭ የአትክልት ሥር ቈራርጦ ውኃ ላይ እየጣለ፥ ቍርጥራጮቹ እንዴት እንደሚራራቁ ይለካ ነበር። የ20 ዓመት ጕልማሳም የ66 ዓመት ሽማግሌም ሆኖ የምርምር ፍቅሩ አንድ ነው።

በ1950 በአሜሪካ አገር ቻርኒ፥ ፍዮርቶፍትና ፎን ኖይማን፥ ኤኒያክ በተባለው ኤሌክትሮኒክ የሒሳብ መኪና የመጀመሪያውን የተሳካ የአየር ትንበያ አሰሉ። የ24 ሰዓት አየር ለማስላት 24 ሰዓት ያህል ፈጀ። ሒሳቡ ከአየሩ ጋር እኩል ተራመደ ማለት ነው። ቻርኒ ውጤቱን ለሪቻርድሰን ላከለት። ሽማግሌው ካርታዎቹን ለሚስቱ አሳይቶ፥ ትንበያው ካልተለወጠው የትናንት አየር ይልቅ ለእውነቱ የቀረበ መሆን አለመሆኑን እንድትፈርድ ጠየቃት። እርስዋም ብልጫው ትንሽ ቢሆንም ትንበያው እንደሚሻል ፈረደች። ሪቻርድሰንም ለቻርኒ የደስታ መልስ ጻፈለት፤ ይህ እርሱ ከደረሰበት ከአንዱ የተሳሳተ ውጤት እጅግ የራቀ እርምጃ መሆኑን መሰከረ።

ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን በ1953 መስከረም 30 ቀን በስኮትላንድ በኪልመን መንደር በ71 ዓመቱ ዐረፈ። መጽሐፉ በ1965 እንደገና ታተመ። የአውሮፓ የምድር ሳይንስ ማኅበርም በስሙ ሜዳይ ይሸልማል።

በመጀመሪያ ላነሣነው ጥያቄ መልሱ እነሆ። ሪቻርድሰን የትንበያ አባት የሆነው ትክክለኛ መልስ በማግኘቱ አይደለም። የተሳሳተ መልሱን ሌላው እንዲያርመው ከነምክንያቱ በግልጽ በማኖሩ ነው። በትምህርት ላይ ያለ ወጣት ፈተናው ሳይቃናለት ሲቀር፥ በቢሮ የተቀመጠ ወጣት ሹም የሠራው ዕቅድ ሳይሳካ ሲቀር፥ የመጀመሪያው ፈተና መዝገቡን መሸፈን ነው። የተሸፈነ ስሕተት ግን ማንንም አያስተምርም። ሁለተኛው ትምህርት ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። እርሱ ሥራውን ሁለት ጊዜ የለቀቀው ደመወዝ አንሶበት ወይም ሹመት ቀርቶበት ሳይሆን፥ እጁ የሚሠራው ኅሊናው ከሚያምነው ጋር ስላልተስማማ ነው። ዕውቀት እንደ ስለት ቢላዋ ነው፤ ለማንና ለምን እንደሚያውለው መጠየቅ የባለቤቱ ግዴታ ነው።